ከአነጋገር ይፈረዳል
ስለ እንግሊዝኛ ንግግር ምትና ዜማ፤ ለዕጩ መምህራን

ቋንቋ መግባቢያ ነው ሲባል ሁላችንም እንስማማለን። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ስንናገር ሰዋስዋችን ተስተካክሎ፣ ቃላታችንም ተመርጠው ሳለ፣ የሚያዳምጠን ሰው ግንባሩን ቋጥሮ «ምን አልክ?» የሚለን ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን ጥፋቱን በቃላት እጥረት እናሳብባለን። መዝገበ ቃላት እናገላብጣለን፤ ግሥ እናረባለን፤ ከዚያም ተመልሰን ያንኑ «ምን አልክ?» እንሰማለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በንግግሩ ምትና ዜማ ላይ መሆኑን ማሳየት ነው። ምት ስንል የትኛው ቀለም ይከብዳል፣ የትኛውስ ይቀላል የሚለውን ነው። ዜማ ስንል ደግሞ ድምፃችን የት ይነሣል፣ የት ይወድቃል የሚለውን ነው። ነገሩ ለዘፋኝ እንጂ ለመምህር ምን ይረባል የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

1. የመርካቶ ጆሮ

ተቋማችን የሚገኝበት አዲስ ከተማ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ሠፈር ነው። ከአውቶቡስ ተራ ተነሥቶ ወደ ሲኒማ ራስ የሚያቀና ሰው ለአፍታ ዓይኑን ትቶ ጆሮውን ብቻ ቢከፍት ምን ይሰማል? ሸክም የበዛበት ተሸካሚ «ዞር በል! ዞር በል!» ይላል። የታክሲ ረዳት የመድረሻውን ስም እየደጋገመ ይጣራል። ልብስ የዘረጋው ነጋዴ «ሁሉም በመቶ! ሁሉም በመቶ!» ይላል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ድምፁን በቃላቱ ላይ እኩል አያከፋፍልም። ነጋዴው «ሁሉም» የሚለውን አልፎት ይሄዳል፤ ድምፁን የሚያሳርፈው በ«መቶ» ላይ ነው። ምክንያቱም በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ገዢው ሌላው ሁሉ ቢያመልጠው ዋጋው ሊያመልጠው አይገባም።

እንግሊዝኛም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የሚያስፈልገውን ጉዳይ ያከብደዋል፤ የቀረውን ያቀለዋል። እኛ ግን ገበያ ውስጥ የምናውቀውን ይህን ሕግ ክፍል ስንገባ በር ላይ ጥለነው እንገባለን። የእንግሊዝኛውን ዐረፍተ ነገር ልክ እንደ ፊደል ገበታ፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ እኩል ድምፅ እየሰጠን እናነበዋለን።

የመርካቶ ስም ራሱ ትንሽ ትምህርት ይሰጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ አሁኑ ሥፍራ እንዲዛወር ሲደረግ ስሙ ከጣሊያንኛ መጣ፤ ትርጓሜውም «ገበያ» ማለት ነው። ጣሊያን ይህን ቃል ሲጠራ «ካ» የምትለዋን ያከብዳታል። እንግሊዝኛው «ማርኬት» ከዚያው ከላቲን ሥር የወጣ የቃሉ ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱን ከፊት፣ በ«ማር» ላይ ያደርጋል። የእኛ «መርካቶ» ደግሞ ከሞላ ጎደል እኩል ይሄዳል። አንድ ቃል ሦስት አገር ሲገባ ሦስት ዓይነት አረማመድ ይዟል ማለት ነው።

2. ዱም እና ተ

ፊደላችን ይህን ክብደትና ቅለት የሚያሳይ ምልክት ስለሌለው ከከበሮ እንበደር። ከበሮ ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊውና ጠባቡ። ከባዱን ቀለም «ዱም»፣ ቀላሉን «ተ» እንበለው። እንግዲህ «ማርኬት» ዱም-ተ ነው። «ተማቶ» ግን ተ-ዱም-ተ ነው። ሆቴል ተ-ዱም ነው። ባናና ተ-ዱም-ተ ነው። ብላንኬት ዱም-ተ ነው።

አሁን ፎቶ ቤት ገባን እንበል። ፎቶግራፍ ዱም-ተ-ተ ሲሆን፣ አንሺው ፎቶግራፈር ተ-ዱም-ተ-ተ ይሆናል። ፎቶግራፊክ ሲባል ደግሞ ተ-ተ-ዱም-ተ። ሥሩ አንድ ሆኖ ክብደቱ ከቦታ ቦታ ይዘላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቃልን የሚለየው በሆሄያቱ ብቻ አይደለም፤ በዚህ አረማመድም ነው። አረማመዱን ካዛባንበት፣ ጓደኛው ሌላ ሰው ልብስ ለብሶ እንደመጣበት ሰው ግራ ይጋባል።

ለመሆኑ አማርኛችን እንዲህ ያለ ነገር የለውም? አለው፤ ግን በሌላ መንገድ። እኛ ትርጉም የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው። «ገና» ሲላላ «ገና ነው፣ አልደረሰም» እንላለን፤ ሲጠብቅ በዓሉ ይሆናል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ ዋነኛው ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። የውጭ አገር ሰው ይህን ሳይለይ ሲናገር እንስቃለን። በእንግሊዝኛ ደግሞ እኛው ነን የሚሳቅብን።

ለገበያ የሚሆን ምሳሌ እንጨምር። በሱቅ በር ላይ «አስመጪና ላኪ» ተብሎ የሚጻፈው ሥራ በእንግሊዝኛ ኢምፖርትና ኤክስፖርት ነው። ስም ሲሆኑ ሁለቱም ዱም-ተ ናቸው። ግሥ ሲሆኑ፣ ማለትም «ማስመጣት»፣ «መላክ» ሲባል፣ ተ-ዱም ይሆናሉ። «ሪከርድ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ባለ ሁለት ቀለም ቃል ስምም ግሥም ሆኖ ሲያገለግል ብዙውን ጊዜ ስሙ ፊቱ ላይ፣ ግሡ ኋላው ላይ ይከብዳል።

አንድ ሌላ ሕግ ብንይዝ ብዙ ቃል ያተርፍልናል። በ«ሽን» የሚያልቅ ቃል ክብደቱ ከ«ሽን» በፊት ባለው ቀለም ላይ ነው። ኤጁኬሽን ተ-ተ-ዱም-ተ፤ ኢንፎርሜሽን ተ-ተ-ዱም-ተ። በ«ኢክ» የሚያልቁትም አብዛኞቹ ይህንኑ ሕግ ይከተላሉ፤ ኢኮኖሚክ ተ-ተ-ዱም-ተ። ጥቂት ያፈነገጡ አሉ፤ ለምሳሌ «አረቢክ» ዱም-ተ-ተ ነው።

ዋጋ ላይ ሲደርስ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ፊፍቲን፣ ማለትም አሥራ አምስት፣ ለብቻው ሲባል ተ-ዱም ነው። ፊፍቲ፣ ማለትም ሃምሳ፣ ዱም-ተ ነው። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሚጠራ ነጋዴ በአሥራ አምስትና በሃምሳ መካከል ጠብ ሊያስነሣ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፊፍቲን ከሌላ ከባድ ቃል በፊት ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ፊፍቲን ብር» ሲባል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል። ያን ጊዜ ሁለቱን የሚለያቸው የ«ቲ» መርዘምና የመጨረሻዋ «ን» ብቻ ናት። ስለዚህ «ን»ን መዋጥ አይገባም። ከተጠራጠርን ደግሞ «ዋን ፋይቭ» ብለን ቁጥሩን መዘርዘር ነው።

3. የቀላሉ ቀለም ቤት

ከባዱን ማክበድ አይቸግረንም። የሚቸግረን ቀላሉን ማቅለል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ተማቶ» ሲል የመጀመሪያዋን ቀለም «ቶ» አይላትም፤ አደብዝዞ «ተ» ይላታል። እኛ ጽሕፈቱን አይተን «ቶ» ብለን እንሞላታለን። «ቲቸር» በሚለው ቃል የመጨረሻዋ ድምፅ፣ «ኧባውት» በሚለው የመጀመሪያዋ ድምፅ፣ «ዘ» በሚለው ትንሽ ቃል ውስጥ ያለችው ድምፅ፣ ሁሉም ያችው አንዷ ደብዛዛ አናባቢ ናት። በእንግሊዝኛ ውስጥ ከሁሉም አናባቢዎች በብዛት የምትሰማውም እሷው ናት።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይህች አናባቢ ለእኛ እንግዳ አይደለችም። «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ስንል የምናሰማት የግዕዙ፣ የአንደኛው ረድፍ ድምፅ ለእሷ በጣም ቅርብ ነች። ይህን ድምፅ ጨርሶ የሌላቸው ብዙ ሕዝቦች ለመማር ሲደክሙ፣ በእኛ ፊደል ገበታ ላይ ግን ከአንደኛው ረድፍ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። የጎደለን ድምፁ ሳይሆን ልማዱ ነው።

በሌላ በኩል ፊደላችን አንድ እንቅፋት ያስቀምጥብናል። እንግሊዝኛ ተነባቢዎችን ሳይነጣጥል ይደረድራል። መንገድ ማለት የሆነው «ስትሪት» ለእንግሊዙ አንድ ቀለም ነው፤ አንድ ዱም። እኛ ግን በተነባቢዎቹ መካከል ሳድስ እያስገባን «ስ-ት-ሪት» ብለን ሦስት እናደርገዋለን። «ስፖርት»ንም «እስፖርት» ብለን አንድ እግር እንጨምርለታለን። እግር በጨመርን ቁጥር ምቱ ይሰበራል። መድኃኒቱ ዝግ ብሎ መጀመር ነው፤ መጀመሪያ «ሪት»፣ ቀጥሎ «ትሪት»፣ በመጨረሻ «ስትሪት»፤ እጅ ግን ጠረጴዛውን የሚመታው ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

4. ከቃል ወደ ዐረፍተ ነገር

አሁን ጠረጴዛ ላይ በጣታችን እየመታን ሦስት ዐረፍተ ነገሮችን እንበል።

ሜን ሴል ሹዝ። (ዱም — ዱም — ዱም)
ዘ ሜን አር ሴሊንግ ዘ ሹዝ። (ተ-ዱም — ተ-ዱም-ተ — ተ-ዱም)
ዘ ሜን ሀቭ ቢን ሴሊንግ ሰም ሹዝ። (ተ-ዱም — ተ-ተ-ዱም-ተ — ተ-ዱም)

የመጀመሪያው ሦስት ቀለም አለው፤ ሁለተኛው ሰባት፤ ሦስተኛው ስምንት። በሦስቱም ግን ከባዶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ «ሜን»፣ «ሴል» እና «ሹዝ»። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ትንንሾቹን ቃላት በከባዶቹ መካከል አጨናንቆ ያሳልፋቸዋል። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኬኔዝ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋዎችን በዚህ ረገድ ለሁለት ከፈለ፤ ምታቸውን በከባድ ቀለም የሚለኩና በእያንዳንዱ ቀለም የሚለኩ ብሎ። እንግሊዝኛን ከመጀመሪያዎቹ መደበው። ከጊዜ በኋላ በመሣሪያ ሲለካ በከባዶቹ መካከል ያለው ጊዜ በትክክል እኩል ሆኖ አልተገኘም። ሆኖም ከባዱ ረዝሞ፣ ቀላሉ አጥሮና ደብዝዞ መነገሩ እርግጥ ነው፤ ለመማርም ይህን መያዙ ይበቃል።

ይህን አለማወቅ በጆሯችን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአፋችን ላይ ከሚያደርሰው ይብሳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀመር፣ ማለትም ተማሪው ሁሉ «ፕላዝማ» እያለ የጠራው ዘዴ ሲመጣ፣ ከየአቅጣጫው የተሰማ አንድ ቅሬታ ነበር፤ «ፈጠነብን፣ አልተከታተልነውም» የሚል። እርግጥ ፍጥነት ነበረበት። ነገር ግን ተማሪው ጽሑፉን ቢያሳዩት የሚያውቃቸው ቃላት በጆሮው ሲመጡ ያልታወቁት ለምን ነበር? እያንዳንዱን ቃል በሙሉ ልብሱ ስለሚጠብቅ ነው። «ሀቭ» ተብሎ የተጻፈውን ሲጠብቅ «ኧቭ» ብሎ አለፈው፤ «ቱ» ሲጠብቅ «ተ» ብቻ ሰማ፤ «አንድ» ብሎ የተማረው መስተፃምር «ን» ሆኖ ሾለከ።

በመናገርም በኩል አንዲት ትንሽ ቃል ብቻ እንይ። «አይ ካን ፔይ» ማለት «መክፈል እችላለሁ» ነው፤ ምቱም ተ-ተ-ዱም ሲሆን «ካን» ደብዝዛ «ክን» ትባላለች። «አልችልም» ሲባል ግን «አይ ካንት ፔይ» ሆኖ ተ-ዱም-ዱም ይሆናል፤ የመጨረሻዋ «ት» ብዙውን ጊዜ አትሰማም። ስለዚህ «እችላለሁ» ለማለት ብለን «ካን»ን ብናከብዳት፣ ሰሚው «አልችልም» ብለን የነገርነው ሊመስለው ይችላል። ሱቅ ቆሞ ለሚደራደር ሰው ይህ ተራ ስሕተት አይደለም።

5. ክብደት የሚሸከመው ሐሳብ

ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ይኸ ነው። በአንድ የንግግር ሐረግ ውስጥ ከከባዶቹ ሁሉ የከበደ አንድ ቃል አለ። እሱ የንግግሩ ዓምድ ነው። እንግሊዝኛ ዓምዱን ከቃል ወደ ቃል በማዛወር ብቻ ሐሳቡን ይለውጣል። «አይ ፔይድ ፎር ቱ ሸርትስ» የሚለውን እንውሰድ።

«አይ» ሲከብድ፦ ለሁለቱ ሸሚዝ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም።
«ፔይድ» ሲከብድ፦ ኧረ ከፍያለሁ እኮ! ዕዳ የለብኝም።
«ቱ» ሲከብድ፦ የከፈልኩት ለሁለት ነው፤ ለሦስት አይደለም።
«ሸርትስ» ሲከብድ፦ የከፈልኩት ለሸሚዝ ነው፤ ለሱሪ አይደለም።

አማርኛውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። እኛ ይህን ልዩነት የምናመጣው ዐረፍተ ነገሩን ገልብጠን፣ «የከፈልኩት እኔ ነኝ» እያልን፣ ወይም «እኮ»፣ «ማ»፣ «ስ»፣ «ኧረ» የመሳሰሉትን ጨምረን ነው። ቃሉ ራሱ ስለሚነግርልን ድምፃችን ብዙ መድከም የለበትም። እንግሊዝኛ ግን «እኮ» የለውም፤ «ማ» የለውም። የእሱ «እኮ» የድምፁ ክብደት ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛውን አስተካክሎ በአንድ ወጥ ድምፅ ሲናገር፣ በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ፈጽሞ የማይተወውን የሐሳቡን ግማሽ ትቶ መናገሩ ነው። ሰዋስው ፍጹም ሆኖ «ምን አልክ?» የሚመጣው ከዚህ ነው።

6. መነሣትና መውደቅ

በሦስተኛ ደረጃ የድምፅ መነሣትና መውደቅ አለ። «እሺ» የምትለዋን ቃል እንያት። ወደታች ስናወርዳት ተስማማን ማለት ነው። ወደላይ ስናነሣት «ከዚያስ?» ማለት ነው። ጎትተን ስናወዛውዛት «እሺ ብያለሁ፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም» ማለት ነው። እንግሊዙም «የስ»ን እንዲሁ ሦስት ያደርጋታል። «አይደል?» ስንል ድምፃችን ካነሣ እየጠየቅን ነው፤ ካወረደ ግን የምናውቀውን እያጸናን ነው። በእንግሊዝኛው «ኢዝንት ኢት» ላይም ያለው ሕግ ይኸው ነው።

ይህ ዓይነቱ ትምህርት በአገራችን ጥንታዊ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በአብነት ትምህርት ቤት የግዕዝ ንባብ የሚማር ልጅ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ንባብን ለይቶ ካላነበበ የኔታ አያሳልፉትም፤ ሆሄውን ሁሉ በትክክል ቢጠራም እንኳ «ንባቡ ተበላሸ» ይባላል። ሊቃውንቱ ከሆሄ ባሻገር አረማመድም መማር እንዳለበት ያወቁት ዛሬ አይደለም።

ወደ እንግሊዝኛው ስንመለስ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚመለስለት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ያነሣል፤ «ማን፣ ምን፣ ስንት» ብሎ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ያወርዳል። «ሐው ማች አር ዘ ሹዝ?» ሲባል «ሹዝ» ላይ ይወርዳል። ዕቃ ሲዘረዘር ደግሞ እያንዳንዱ ያነሣል፤ የመጨረሻው ይወርዳል። የመጨረሻውንም ካነሣነው ሰሚው «ገና አልጨረሰም» ብሎ ይጠብቀናል።

ዜማ ሲሳሳት ግን ሰዋስው ሲሳሳት ከሚሆነው የተለየ ነገር ይመጣል። ሰዋስው የተሳሳተን ሰው «ቋንቋው ገና ነው» ይሉታል። ዜማ የተሳሳተን ሰው ግን «ጠባዩ መጥፎ ነው» ይሉታል። ጆን ጋምፐርዝ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሚያሳይ ታሪክ አስፍሯል። በእንግሊዝ አገር በአንድ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ የሠራተኞች መመገቢያ ቤት ውስጥ ከሕንድና ከፓኪስታን የመጡ ሴቶች ተቀጠሩ። ሥጋ ላይ የሚፈስ ስጎ ይፈለግ እንደሆነ ለመጠየቅ እንግሊዞቹ አስተናጋጆች የስጎውን ስም ድምፃቸውን አንሥተው ይጠሩታል፤ «ስጎ ላድርግልዎ?» እንደማለት። አዲሶቹ ሴቶች ግን ያንኑ ቃል ድምፃቸውን አውርደው ይጠሩታል። ለተመጋቢው ጆሮ ይህ «ስጎ ነው፤ ከፈለግህ ውሰድ» እንደማለት ሆነ። ሴቶቹ ትሕትና የላቸውም ተባሉ፤ እነሱ ደግሞ በዘር ምክንያት የተጠሉ መሰላቸው። ሁለቱም ወገን ድምፁን በቴፕ ሰምተው እስኪረዱት ድረስ፣ በመካከላቸው የገባው አንዲት የድምፅ መውደቅ መሆኗን ያወቀ አልነበረም።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ለተግባር ልምምድ መርካቶ አካባቢ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤ ሳለሁ፣ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ «ኤኒ ኩዌስችንስ» እያልኩ ጥያቄ እጋብዝ ነበር። አንድም ልጅ እጁን አንሥቶ አያውቅም። ሁሉም ገብቷቸዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በፈተና ጊዜ ግን ደስታዬ ጠፋ። አንዱን ተማሪ ለምን እንዳልጠየቀ ብጠይቀው፣ «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ ያሉን መስሎን ነበር» አለኝ። ለካስ «ኩዌስችንስ»ን ጥዬ፣ ዘግቼ ነበር የምናገረው። ቃሌ «ጠይቁ» ይላል፤ ድምፄ «ደብተር ዝጉ» ይላል። ልጆቹ የታዘዙት ለድምፄ ነበር።

7. ከምን እንጀምር?

ይህ ሁሉ ሲደመር የሚያስፈራ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ዓላማችን የለንደን ሰው መምሰል አይደለም። ኢትዮጵያዊ ቅላጼ ይዞ መናገር ነውር የለበትም፤ በናይጄሪያም በሕንድም እንግሊዝኛ የራሱን አካሄድ ይዞ ይነገራል። ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ መግባባትን የሚያውከውንና የማያውከውን ለይታ ነበር። ንግግርን በሐረግ መክፈልንና ዓምዱን በትክክለኛው ቃል ላይ መትከልን ከማይታለፉት መደበቻቸው። ትንንሽ ቃላትን ማደብዘዝን ግን የግድ አላለችውም።

ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።
ሀ. ንግግርን በሐረግ ከፍሎ በየሐረጉ መጨረሻ ትንፋሽ መውሰድ፤
ለ. በየሐረጉ ዓምድ የሚሆነውን ቃል መምረጥ፤
ሐ. በየቃሉ ትክክለኛውን ቀለም ማክበድ፤
መ. መነሣትና መውደቅን ማስተካከል፤
ሠ. ትንንሾቹን ቃላት ማደብዘዝ። ይህኛው ለአፍ የመጨረሻ ቢሆንም ለጆሮ ግን ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት፤ ያለዚያ ሌላው ሲናገር አንሰማውም።

8. የልምምድ ዘዴዎች

ከእነዚህ ልምምዶች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

አንደኛ፣ የአራቱ ሸሚዝ ጨዋታ። ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጥ። አንዱ ከላይ የተጻፉትን አራት የአማርኛ ትርጉሞች ከ1 እስከ 4 ቁጥር ሰጥቶ ይያዝ። ሌላው እንግሊዝኛውን በአንደኛው ክብደት ይናገር፤ ሰሚው በጣቱ ቁጥሩን ያሳይ። ቁጥሩ ካልገጠመ ጥፋቱን ወደ ሰሚው መግፋት አያስፈልግም፤ ተናጋሪው ይድገመው።

ሁለተኛ፣ የዋጋ ጨዋታ። አንዱ ሻጭ ሌላው ገዢ ሆነው በፊፍቲንና በፊፍቲ፣ በሰርቲንና በሰርቲ መካከል ይደራደሩ። ገዢው የሰማውን በአኃዝ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ማንጎራጎር። አጭር ንግግር ከሬዲዮ ሰምቶ ቃላቱን ትቶ፣ አፍን ዘግቶ፣ ዜማውን ብቻ ማንጎራጎር፤ ቃላቱን መመለስ ከዚያ በኋላ ነው። በእጅ ስልክ የራስን ድምፅ ቀድቶ ከዋናው ጋር ማስተያየትም ይቻላል። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ሁለተኛ ቀን ግን ይለመዳል።

አራተኛ፣ ለሕፃናት የሚሆን የከበሮ ልምምድ። ልጆች በኅብረት ሲደግሙ «ዚስ ኢዝ ኧ ፔን» የሚለውን ዱም-ዱም-ዱም-ዱም አድርገው ይጮኹታል። መምህሩ በእጁ ዱም-ተ-ተ-ዱም እየመታ ቢመራቸው በአንድ ሳምንት ይለወጣል። አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮሊን ግራም እ.ኤ.አ. በ1978 «ጃዝ ቻንትስ» የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመችው ይህንኑ ዘዴ ይዛ ነው። እኛ ጃዝ አያስፈልገንም፤ ጭብጨባ አለን። ለምሳሌ ያህል ክፍሉን ለሁለት ከፍለን እንዲህ ማስባል እንችላለን፦

ሐው ማች አር ዘ ሹዝ? (ተ-ዱም-ተ-ተ-ዱም)
ሐው ማች ኢዝ ዘ ሸርት? (ተ-ዱም-ተ-ተ-ዱም)
ቱ ማች ፎር ዘ ሹዝ፤ (ተ-ዱም-ተ-ተ-ዱም)
በት አይል ቴክ ዘ ሸርት። (ተ-ተ-ዱም-ተ-ዱም)

ልጆቹ ነጋዴና ገዢ ሆነው ይጫወቱታል። አብዛኞቹ ወላጆቻቸው ሲነግዱ እየሰሙ ያደጉ በመሆናቸው ከእኛ ይልቅ እነሱ ቶሎ ይይዙታል።

ማጠቃለያ

ሌላ ባለሙያ በአንድ ወጥ ድምፅ ቢናገር ጉዳቱ የራሱ ነው። መምህር ግን የሚናገረው ለራሱ ብቻ አይደለም። ለብዙ የሠፈራችን ልጅ በሕይወቱ ፊት ለፊት የሚሰማው የመጀመሪያው እንግሊዝኛ የእኛ እንግሊዝኛ ነው። እኛ ጠፍጣፋ አድርገን ከሰጠነው ጠፍጣፋውን ይዞ ያድጋል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትምህርቱ በሙሉ በዚያ ቋንቋ ይመጣበታል፤ ያን ጊዜ ጆሮው ካልተዘጋጀ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም ያልፈዋል። ልጁ ሰነፍ ይባላል እንጂ «አንደኛ ክፍል ያስተማረው መምህር ምት አላሳየውም» የሚል አይኖርም።

አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለዋል። ፍርዱ በተማሪዎቻችን ላይ እንዳይወድቅ አነጋገሩን ከዛሬ ጀምሮ እናስተካክል። ነገ ከተቋሙ ወጥታችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ረዳቱ የትኛዋን ቀለም እንደሚያከብድ አድምጡ። ከዚያ በኋላ በልምምድ ክፍላችሁ ትምህርቱን ስትጨርሱ፣ ድምፃችሁን አንሥታችሁ «ኤኒ ኩዌስችንስ?» በሉ፤ እጅ እስኪነሣም ጠብቁ።